«ፈቃድ ተከልክሏል»፦ የጋራ ጊት ሰርቨር ለአንዱ እየሠራ ለሌላው የማይሠራው ለምንድን ነው?



በዚህ ወር የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው ከመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ጋር አብሮ የሚመጣ ችግር ነው። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች አንድ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ይጭናሉ፣ በኬብል ወይም በዋይፋይ ራውተር ከየላፕቶፓቸው ጋር ያገናኙታል፣ የጋራ የጊት ሪፖዚተሪ ይከፍቱበታል። ሁሉም የየራሱ አካውንት አለው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ናቸው። ከዚያ አንዲት እህት ሥራዋን ፑሽ ስታደርግ፣ ወደ ማከማቻው አዲስ ነገር ለመጨመር በቂ ፈቃድ እንደሌላት የሚናገር መልእክት ይመጣባታል። ሪፖዚተሪውን የከፈተው ወንድም ሲሞክር ይሠራል። ከሰዓት በኋላ እሷም ሌላ ሥራ ስትልክ ይሠራል። በማግስቱ ደግሞ እምቢ ይላል። «ሰርቨሩ ተበላሽቷል» ይባላል፤ ኬብል ይነቀላል፣ ይሰካል፣ ማሽኑ ሪስታርት ይደረጋል። ሰርቨሩ ግን ደህና ነው። የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ነው።

«ይህን ሁሉ ከምትለፉ ለምን ጊትሃብ ላይ አታስቀምጡትም?» የሚል አይጠፋም። ኢንተርኔት ሁልጊዜ ቢኖር ጥሩ ነበር። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት እንዳልነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ጊት ራሱ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ኑሮ የተሠራ ይመስላል፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀምረው እያንዳንዱ ሰው የሥራውን ሙሉ ታሪክ በእጁ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ለእረፍት ደባርቅ ወይም ዳባት ቤተሰቡ ጋር የሄደ ተማሪ ያለ ምንም ኔትወርክ ኮሚት እያደረገ ይቆያል፤ ጎንደር ሲመለስ በላን ከሰርቨሩ ጋር ያገናኘዋል። እንግዲህ የሁለት ሳምንት ሥራ ይዞ የመጣ ሰው በሩ ላይ ሲመለስ ቢበሳጭ አይፈረድበትም። የሚያሳስበን ብስጭቱ የሚወልደው መፍትሔ ነው፤ 777 የሚባለው። ወደ እሱ እንደርሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍነው በአጠራራቸው ነው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል እንደሚተየቡ ታውቃላችሁ።

ሰርቨሩ የሚጠይቀው «ማን ነህ?» ብሎ ነው

ሊነክስ ከዩኒክስ በወረሰው ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር አንድ ባለቤትና አንድ ግሩፕ አለው። ፈቃዱም ለሦስት ወገን ተከፍሎ ይጻፋል፦ ለባለቤቱ፣ ለግሩፑ፣ ለሌሎች። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይደመራሉ። 755 ማለት ባለቤቱ ሁሉንም ማድረግ ይችላል (4 እና 2 እና 1)፣ ግሩፑና ሌሎች ግን ያነባሉ፣ ያስኬዳሉ እንጂ አይጽፉም ማለት ነው። ይህን አብዛኞቻችን በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ዓመት ተምረነዋል። ፈተና ላይም መጥቶ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፑሽ ስናደርግ በሰርቨሩ ላይ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ነው። በኤስኤስኤች በየራሳችን አካውንት ከገባን፣ እዚያ ማዶ የሚነሳው የጊት ፕሮግራም የሚሮጠው በገባው ሰው ስም ነው። «ጊት» የሚባል አንድ አካል ለሁላችንም አይጽፍልንም። እህት ስትልክ እሷ ትጽፋለች፣ ወንድም ሲልክ እሱ ይጽፋል፤ የሚወለደውም ፋይል የላኪው ንብረት ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ «ሪፖዚተሪው የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «የሁሉም ቁራጭ የየራሱ ባለቤት አለው» ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የተከለከለው ሰው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ «አይዲ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ያለበትን ግሩፕ ሁሉ ይዘረዝርለታል። የፕሮጀክቱ ግሩፕ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ሌላ ነገር መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ አድሚኑ አሁን ቢጨምረውም ቀድሞ ገብቶ የተቀመጠ ሰው አይደርሰውም፤ የግሩፕ ዝርዝር የሚነበበው ሲገባ ነውና ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። «ጨምሬዋለሁ፣ ግን እምቢ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ሰውን ወደ ግሩፕ የሚጨምረው «ዩዘርሞድ» ትልቁን ጂ ብቻ ይዞ ከተሰጠ ሰውየውን ከነበረበት ሌላ ተጨማሪ ግሩፕ ሁሉ ያስወጣዋል፤ ሱዶ ከነበረውም ያጣል። ትንሿ ኤ አብራ መግባት አለባት፦ ዳሽ ኤ-ጂ። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን አድሚኑን ራሱን ከገዛ ቤቱ ውጭ ልታሳድረው ትችላለች።

በሩና መደርደሪያው

ፎልደር ላይ እነዚያ ሦስት ፈቃዶች ትርጉማቸው ይለወጣል። ማንበብ ማለት በውስጡ ያሉትን ስሞች ማየት ነው። ማስኬድ የሚባለው ደግሞ ማለፍ ይሆናል፤ በዚያ ፎልደር በኩል አልፎ ወደ ውስጥ የመግባት ፈቃድ።

የፋሲል ግቢን አስቡ። 900 ሜትር ያህል በሚረዝመው አጥር ላይ 12 በሮች አሉ፤ ወምበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር እያለ ስማቸው ራሱ ማን በየት ይገባ እንደነበር ይናገራል። ውስጥ ያለው እልፍኝ ቢከፈትልህ እንኳ የውጪው በር ካላሳለፈህ ምንም አይጠቅምህም። የፋይል መንገድም እንዲሁ ነው፤ ሪፖዚተሪው ራሱ ለግሩፑ ክፍት ሆኖ ከላዩ ያለው ፎልደር ማለፍን ከከለከለ ሁሉም ተዘጋ። ይህ በተለይ የሚያጋጥመው ሪፖዚተሪው በአንድ ሰው ሆም ፎልደር ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚከፈት ሆም ፎልደር 750 እንዲሆን አድርጓል፤ ሌላ ሰው በዚያ አያልፍም። «ባለፈው ዓመት ተማሪዎች እንዲሁ አድርገው ሠርቶላቸዋል» የሚባለው አንዳንዴ እውነት ነው፣ የድሮ ኡቡንቱ ስለነበራቸው ነው። መፍትሔው ሆሙን መክፈት ሳይሆን ሪፖዚተሪውን ከሰው ቤት አውጥቶ እንደ ኤስአርቪ ባለ የጋራ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከላይ እስከ ታች ያሉትን በሮች በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ትእዛዝ «ኔም-አይ» ነው፤ ዳሽ ኤል ጨምራችሁ ሙሉውን መንገድ ስጡት፣ የእያንዳንዱን ፎልደር ባለቤት፣ ግሩፕና ፈቃድ በየመስመሩ ይዘረዝራል። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኛ ግን ከአይዲ ቀጥሎ የምንሮጠው ወደ እሱ ነው።

ፎልደር ላይ መጻፍ የሚባለው ፈቃድ ደግሞ በውስጡ አዲስ ነገር የመፍጠር፣ ስም የመቀየር እና የመሰረዝ ፈቃድ ነው። ይህን በመስጂድ የኪታብ መደርደሪያ መመሰል ይቻላል። ኪታቡ ላይ መጻፍ ክልክል ሊሆን ይችላል፤ መደርደሪያው ያልተቆለፈ ከሆነ ግን ኪታቡን ማንም አውጥቶ ሊወስደው ይችላል። ፋይልን ለመሰረዝ የሚያስፈልገው የፋይሉ ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር ፈቃድ ነው። «ፋይሉ ለንባብ ብቻ ስለሆነ አይጠፋም» ብሎ የተማመነ ሰው መደርደሪያውን አላየም።

ለምን አንዳንዴ ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ። ፈቃድ ከሌለ ሁልጊዜ መከልከል፣ ካለ ደግሞ ሁልጊዜ መሥራት ነበረበት። አንዳንዴ የሚሠራው ለምንድን ነው?

ጊት የምንልከውን እያንዳንዱን ነገር፣ የፋይሉን ይዘት፣ የፎልደሩን ዝርዝር፣ ኮሚቱን ራሱን፣ ከይዘቱ በሚሰላ የ40 ምልክት መለያ ያስቀምጠዋል። መለያው በ16ቱ የሄክሳዴሲማል ምልክቶች የተጻፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች የፎልደር ስም ይሆናሉ፣ የቀሩት 38 ደግሞ የፋይል ስም። 16 በ16 ሲባዛ 256 ነውና «ኦብጀክትስ» በሚባለው ቦታ ሥር እስከ 256 ትናንሽ ፎልደሮች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህ ቀድመው አይፈጠሩም። አንድ ሰው የላከው ነገር መለያው በዚያ ምልክት ሲጀምር ያን ጊዜ ይፈጠራሉ፤ የዚያ ሰው ንብረትም ይሆናሉ።

እንግዲህ ዋናው ፎልደር ለግሩፑ ክፍት ነው እንበል። ወንድም ቀድሞ የላካቸው ነገሮች 16 ትናንሽ ፎልደሮችን አስፈጥረዋል፤ ሁሉም 755 ናቸው፣ ማለትም እሱ ብቻ ይጽፍባቸዋል። እህት አንድ ፋይል አሻሽላ ትልካለች። ይህ ቢያንስ ሦስት አዲስ ነገር ነው፦ ይዘቱ፣ የፎልደሩ ዝርዝር፣ ኮሚቱ። ሦስቱም ከእነዚያ 16 ፎልደሮች ውጭ ከወደቁ ይሠራላታል፤ አንዱ እንኳ እዚያ ከወደቀ ትከለከላለች። ስናሰላው ከ100 ሙከራ 18 ያህሉ ይወድቃል። የወንድም ፎልደሮች 64 ሲደርሱ ከ100 58ቱ ይወድቃል። 128 ሲሆኑ ከ100 ከ87 በላይ። ፕሮጀክቱ በገፋ ቁጥር፣ የማስረከቢያው ቀን በቀረበ ቁጥር፣ ክልከላው ይበዛል ማለት ነው። እሷ በፈጠረቻቸው ፎልደሮች ላይ ደግሞ እሱ ይከለከላል። «ማሽኑ እያረጀ ነው» ወይም «እሷ የሆነ ነገር ነካክታለች» የሚባለው ሁሉ ይኸው ሂሳብ ነው። በእንዲህ ያለ ነገር የተቀያየሙ ጓደኞች አሉ።

ሌላም ነገር ይፈታልናል። ያንኑ ፑሽ አሥር ጊዜ መደጋገም የማይረዳው መለያዎቹ ስለማይለወጡ ነው። «የኮሚቱን መልእክት ስቀይረው ሠራልኝ» የሚል ሰው ደግሞ አልዋሸም፤ መልእክቱ ሲቀየር የኮሚቱ መለያም ይቀየራልና ወደ ሌላ ፎልደር ሄደ። የተከለከለው በኮሚቱ ምክንያት ከነበረ ያልፋል፤ በይዘቱ ምክንያት ከነበረ ግን መልእክቱን ሺህ ጊዜ ቢቀያይር አያልፍም።

በጣም ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መላክ ሌላ መልክ አለው። በአንድ ፑሽ 100 እና ከዚያ በላይ ነገሮች ከመጡ ጊት በልማዱ ሳይበትናቸው በአንድ ጥቅል ፋይል ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ገብቶ ትንሿ እርማት ልትከለከል ትችላለች። ይህን ያየ ሰው ግራ ቢጋባ አያስገርምም።

ሦስቱ ሰባቶች

እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ «ሱዶ ቸሞድ ዳሽ ትልቁ አር 777» ይሰጥና ሁሉም ይሠራል። «አልሐምዱሊላህ፣ ተፈታ» ተብሎ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ችግሩ ይመለሳል። ምክንያቱም ቸሞድ የሚነካው አሁን ያሉትን ፋይሎችና ፎልደሮች ነው። ነገ የሚወለዱት በምን ፈቃድ እንደሚወለዱ የሚወስነው «ዩማስክ» የሚባለው ቁጥር ነው። ዩማስክ 0022 ከሆነ አዲስ ፎልደር 755፣ አዲስ ፋይል 644 ሆኖ ይወለዳል፤ የግሩፑ የመጻፍ ፈቃድ ሲወለድ ተቀንሶበታል። 777 የትናንቱን ሕዝብ ምሕረት ያደርግለታል፤ የነገው ልጅ ግን በአሮጌው ሕግ ይወለዳል። ቡድኑ በየሦስት ቀኑ 777 እየሰጠ ይኖራል።

ይህ የሚያስከትለው መሰላቸት ብቻ ቢሆን አንጽፍም ነበር። 777 የተሰጠው ሪፖዚተሪ ውስጥ «ሁክስ» የሚባል ፎልደር አለ፤ ፑሽ ሲመጣ ጊት በራሱ የሚያስኬዳቸው ስክሪፕቶች የሚቀመጡበት ነው። የሚሮጡትም በላኪው ስም ነው። ያ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ በዚያ ሰርቨር ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው፣ የእናንተ ቡድን አባል ባይሆንም፣ ስክሪፕት አስቀምጦ ቀጥሎ ፑሽ ባደረገው ሰው ማንነት ሊያስኬደው ይችላል። የዚያን ሰው ሆም ፎልደር ማንበብ፣ ፋይሉን ማጥፋት፣ በስሙ መሥራት ይችላል ማለት ነው። በስህተት ወደ ሆም ፎልደር ላይ የተሰጠ 777 ደግሞ ተቃራኒ ችግር ያመጣል። ኤስኤስኤች ሆሙ ወይም የቁልፉ ፋይል ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ሆኖ ሲያገኘው ቁልፉን አልቀበልም ይላል፤ ትናንት ያለ ፓስወርድ ይገባ የነበረ ሰው ዛሬ ፓስወርድ ይጠየቃል። ሆሙ ሌላ ሰው የማይጽፍበት፣ የኤስኤስኤች ፎልደር 700፣ የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል 600 ሲሆን ይፈታል።

የሌላ ሰው ሥራ አማና ሆኖ በእጃችን ባለበት ሰርቨር ላይ ለማንም ክፍት ማድረግ የእኛ ብቻ ውሳኔ አይደለም ብለን እናምናለን። ቀለል ያለ መንገድ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር። አለ፣ ያውም አጭር ነው።

የሚወለደውን ማስተካከል

ሪፖዚተሪው ገና ካልተከፈተ ሥራው አንድ መስመር ነው። ለፕሮጀክቱ ግሩፕ ይከፈታል፣ አባላቱ ይገቡበታል፣ ከዚያ «ጊት ኢኒት ዳሽ ዳሽ ቤር ዳሽ ዳሽ ሼርድ» ይሰጣል። ሼርድ የምትለዋ ቃል ሦስት ነገር ትሠራለች። አንደኛ፣ ጊት የማንም ዩማስክ ምንም ቢሆን አዲስ የሚወለደውን ለግሩፑ ክፍት እንዲያደርግ ታዝዘዋለች። ሁለተኛ፣ ፎልደሮቹ ላይ «ሴትጂአይዲ» የሚባለውን ምልክት ታደርጋለች። ሦስተኛ፣ የተላከ ታሪክን በጉልበት ደርቦ የሚያጠፋውን የፎርስ ፑሽ ዓይነት ታግዳለች። ይህ ሦስተኛው ያልተጠየቀ ስጦታ ነው፤ አንዱ አባል የሌላውን የሳምንት ሥራ በአንድ ትእዛዝ እንዳያጠፋው።

ሴትጂአይዲ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በኡቡንቱ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ ስም የተሰየመ የግል ግሩፕ አለው፤ የሚፈጥረው ፋይልም በልማድ የዚያ ግሩፕ ይሆናል። ስለዚህ ፈቃዱ 775 ቢሆንም ግሩፑ የሰውየው የግል ግሩፕ ከሆነ «ለግሩፑ ክፍት» ማለት ለራሱ ክፍት ማለት ብቻ ነው። ኤልኤስ ዳሽ ኤል ሰጥተው 775 አይተው «ክፍት ነው እኮ!» የሚሉ አሉ፤ ከፈቃዱ ቀጥሎ ያለውን የግሩፕ ስም አላነበቡም። ሴትጂአይዲ ያለበት ፎልደር ግን በውስጡ የሚወለድ ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ያደርጋል፤ ንዑስ ፎልደሮችም ምልክቱን ራሱን ይወርሳሉ።  በቁጥር ሲጻፍ ከፊት 2 ይጨመራል፦ 2775፣ ወይም ሌሎች እንዲያነቡ ካልፈለግን 2770። ለመመረቂያ ፕሮጀክት እኛ 2770ን እንመርጣለን።

ቀድሞ ተከፍቶ የተበላሸውን ለመጠገን አራት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ከመጠገን በፊት ግን አንድ ሰው ሙሉ ቅጂ ይውሰድ። ጥገናው በሱዶ ነው። ቸሞድ ማድረግ የሚችለው የፋይሉ ባለቤት ወይም ሩት ብቻ ስለሆነና ፋይሎቹ የብዙ ሰው ስለሆኑ ማናችንም በየራሳችን አካውንት አንጨርሰውም። መጀመሪያ «ቸግሪፕ ዳሽ ትልቁ አር» ሰጥተን ሁሉንም ወደ ፕሮጀክቱ ግሩፕ እናዞራለን። ቀጥሎ በ«ፋይንድ» ፎልደሮችን ብቻ ለይተን 2770 እናደርጋቸዋለን። ከዚያ «ቸሞድ ዳሽ ትልቁ አር» ከጂ፣ ከመደመር ምልክትና ከአር ጋር ሰጥተን ፋይሎቹን ግሩፑ እንዲያነባቸው እናደርጋለን። በመጨረሻም በ«ጊት ኮንፊግ» «ኮር ነጥብ ሼርድሪፖዚተሪ» የሚለውን ግሩፕ እናደርገዋለን። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ የቀሩት ሦስቱ እንደ 777 ለጥቂት ቀን ብቻ ይሠራሉ።

ለፋይሎቹ ማንበብን ብቻ እንጂ መጻፍን ያልሰጠነው በምክንያት ነው። ጊት ያስቀመጣቸውን ነገሮች ራሱ 444 ያደርጋቸዋል፤ አንዴ ከተጻፉ አይለወጡምና። የቅርንጫፍ ስሞችን የሚይዙትን ፋይሎች ሲያድስም አዲስ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ስም ይተካዋል እንጂ በአሮጌው ላይ አይጽፍም። የሚፈልገው የፎልደሩን ፈቃድ ነው፤ ያው መደርደሪያው።

ሰብቨርዥን የሚጠቀሙ ቡድኖች ግን ይህን እንዳለ አይውሰዱ። እዚያ የመቆለፊያ ፋይሎችና የኤስኪውላይት ዳታቤዝ አሉ፤ እነዚያ ፋይሎች ራሳቸው በግሩፑ መጻፍ አለባቸው። በተጨማሪ ሰብቨርዥን በአፓቼ በኩል ሲከፈት የሚጽፈው የአፓቼ አካውንት ነው፣ በኤስኤስኤች ሲገባ ደግሞ የገባው ሰው። ሁለቱን በአንድ ላይ መጠቀም የጠብ መነሻ ነው፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መዝጋት ይሻላል።

ከሰርቨሩ ውጭ የሚመጡ ሁለት ነገሮች

በፍላሽ የሚመላለስ ሥራ አለ። ፋት32 ወይም ኤክስፋት የተደረገ ፍላሽ የሊነክስን ፈቃድ ጭራሽ አያውቅም፤ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ሁሉም ፋይል 777 መስሎ ይታያል። ጊት ከፈቃድ ሁሉ የሚመዘግበው አንዱን ብቻ ነው፤ ፋይሉ የሚሄድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን። ስለዚህ ወደ ፍላሽ የተገለበጠ ፕሮጀክት አንድ ፊደል ሳይነካ ሁሉም ፋይል «ተለውጧል» ይላል። በዚያ ቅጂ ላይ «ኮር ነጥብ ፋይልሞድ» የሚለውን ሐሰት ማድረግ ይበቃል። ይህን ሳያደርግ ሁሉንም ኮሚት ያደረገ ሰው ለቡድኑ በሙሉ የውሸት ለውጥ ያከፋፍላል።

ሁለተኛው ሪፖዚተሪውን በኤንኤፍኤስ እንደ ተራ ፎልደር ከየማሽኑ ማውንት ማድረግ ነው። በተለመደው አሠራሩ ኤንኤፍኤስ ስም አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። በአንዱ ላፕቶፕ 1001 የሆነችው እህት፣ በሌላው 1001 ከሆነው ወንድም ጋር ለሰርቨሩ አንድ ሰው ናቸው። ሩት ደግሞ በልማድ ማንነቱን አጥቶ «ማንም ያልሆነ» ይባላል፤ ሱዶ ሰጥቶ የተከለከለ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትገረሙ። በዚህ መንገድ ከሠራችሁ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የወጣው ጊት 2.35.2 ያመጣው ለውጥም ያገኛችኋል፦ ፎልደሩ የሌላ ሰው ከሆነ ጊት «ባለቤትነቱ ያጠራጥራል» ብሎ ይቆማል። የተጨመረው ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ሌላው ባስቀመጠው ሪፖዚተሪ በኩል ትእዛዝ እንዳይሮጥብን ነው። መልእክቱ ራሱ መፍትሔውን ይናገራል፤ ያንን አንድ ፎልደር በ«ሴፍ ነጥብ ዳይሬክተሪ» መዝግቡ። በኮከብ ምልክት ሁሉንም መፍቀድ ጥበቃውን መልሶ ማጥፋት ነው። እኛ በኤንኤፍኤስ ፋንታ ኤስኤስኤች ነው የምንመክረው።

አባላቱ ከአምስትና ከስድስት ከበለጡ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። «ጊት» የሚባል አንድ አካውንት ይከፈትና ሁሉም በየራሱ ቁልፍ በእሱ በኩል ይገባል፤ ማን ምን ይችላል የሚለውን እንደ ጊቶላይት ወይም ጊቲ ያለ ፕሮግራም ይወስናል። ሁሉንም የሚጽፈው አንድ ማንነት ስለሆነ ከላይ ያየነው የ256ቱ ፎልደር ጣጣ ከሥሩ ይነቀላል። የሚቀረው አደጋ አድሚኑ ሩት ሆኖ ሪፖዚተሪው ውስጥ የጊት ትእዛዝ መስጠቱ ነው፤ የሩት የሆኑ ፋይሎች ይወለዱና በማግስቱ ሁሉም ሰው ይከለከላል። ክልከላው ለሁሉም እኩል ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ፤ «ቾውን» ለጊት አካውንት ይመልሰዋል። በዚህም ሆነ በዚያ መንገድ ኮሚት ላይ የሚታየው የጸሐፊ ስም ግን ላኪው ራሱ የሞላው መሆኑን አትዘንጉ፤ ሰርቨሩ አያረጋግጠውም። ማን ምን ያህል ሠራ ብሎ ነጥብ በዚያ የሚሰጥ አድቫይዘር ካለ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

የምረቃ ሰሞን

አንድ ቡድን ሲመረቅ ሰርቨሩ ለቀጣዮቹ ይተላለፋል፤ አካውንቶቹ ይሰረዛሉ። አካውንት ሲሰረዝ ከሆም ፎልደሩ ውጭ ያሉት ፋይሎቹ አብረው አይሰረዙም። ባለቤታቸው ስም አልባ ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ ኤልኤስ ዳሽ ኤል ስትሰጡ ስም በሚገባበት ቦታ 1003 ወይም 1004 ታያላችሁ። በቀጣዩ መስከረም አዲስ ተማሪ አካውንት ሲከፈትለት ያ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልሠራውን ሥራ ባለቤት ሆኖ ይገኛል፤ መለወጥም መሰረዝም ይችላል። ስለዚህ አካውንት ከመሰረዙ በፊት አድሚኑ «ፋይንድ» ከ«ዳሽ ዩዘር» ጋር ሰጥቶ የዚያ ሰው የሆነውን ሁሉ ይፈልግ፣ የጋራ የሆነውንም ወደ ፕሮጀክቱ አካውንት ያዙር። ቀድሞ የተሰረዘ ካለ «ፋይንድ» ከ«ዳሽ ኖዩዘር» ጋር ባለቤት አልባዎቹን ያወጣቸዋል። ዘንድሮ የምትመረቁ ቡድኖች ይህን ከመጨረሻው ፕረዘንቴሽን በፊት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ የሱዶ ፓስወርዱን የሚያውቀው ሰው ወደ አገሩ ሄዷል።